ለራኩኗ የወሰድኩት ዳቦ

ልጄ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የምትሠራው። ሥራ በማትገባበት ቀን ጠዋት ከምንኖርባት ከፎርት ዎርዝ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ጥብቅ የተፈጥሮ ፓርክ ትወስደኛለች። ሐኪሙ መራመድ አለብሽ ስላለኝ ነው። በረግረጉ ላይ የእንጨት ድልድይ ተዘርግቷል። እኔ ምርኩዜን ይዤ በእሱ ላይ እሄዳለሁ፤ እሷ መኪና ውስጥ ትተኛለች።

ራኩን የምትባለዋን የዱር እንስሳ ያየኋት እዚያ ነው። ከድመት ትበልጣለች፤ ዓይኖቿ ዙሪያ ኩል የፈሰሰባት ትመስላለች። ውሃው ዳር ተቀምጣ ጭቃውን በእጆቿ ትዳብሳለች፤ ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሦስት ልጆቿ ከኋላዋ ነበሩ።

እኔ እህል ቆሻሻ ውስጥ አልጥልም። የተረፈ ለሰው ካልሆነ ለውሻ፣ ለውሻ ካልሆነ ለወፍ ሲሰጥ እያየሁ ነው ያደግኩት። አፓርታማ ውስጥ የምሰጠው ፍጥረት ስላልነበረኝ፣ የደረቀ ዳቦ በፌስታል ቋጥሬ መውሰድ ጀመርኩ። ድልድዩ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ዘወር እል ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የምርኩዜን ድምፅ ስትሰማ ከቁጥቋጦው ትወጣ ጀመር። ለልጄ አልነገርኳትም።

አንድ ቀን የፓርኩ ጠባቂ ዳቦውን ሳስቀምጥ አየኝ። ረጋ ብሎ ብዙ ተናገረ። አልገባኝምና ልጄን ጠራኋት።

"እማዬ፣ መመገብ ክልክል ነው እያለ ነው።"

"ዳቦ ነው የሰጠኋት፤ ድንጋይ አልወረወርኩባትም በይው።"

"ችግሩ እሱ አይደለም ይላል። ሰው የለመደ ራኩን ከሕፃናት እጅ ሊቀማ ይመጣል፣ ይነክሳል። ያኔ በወጥመድ ይይዙታል። ይቺ ደግሞ ሰው ወደሚበላበት ጠረጴዛ መምጣት ጀምራለች።"

"ይዘው የት ይወስዷታል?"

ልጄ ጠየቀችው። መልሱ አጭር ነበር።

"የትም አይወስዷትም" አለችኝ። "ይገድሏታል።"

በሚቀጥለው ሳምንት ዳቦ ሳልይዝ ሄድኩ። ምርኩዜን ሰምታ ወጣች፤ በኋላ እግሮቿ ቆማ እጆቼን አየች። የድልድዩን እንጨት በምርኩዜ ደበደብኩና "ሂጂ" አልኳት። አልሄደችም። ከመንገዱ ጠጠር ይዤ ነበር፤ ወረወርኩባት።

እንዲህ እያደረግኩ ብዙ ጠዋት አለፈ። ባለፈው ሳምንት የምርኩዜን ድምፅ እንደሰማች ልጆቿን ይዛ ወደ ማዶ ተሻገረች።

"ዛሬስ መጣች?" አለችኝ ልጄ፣ መኪና ውስጥ ስገባ።

"ሸሸችኝ።"

"ጎሽ፣ እማዬ።"

ቀበቶዬን አሰርኩና መንገዱ ሳይጨናነቅ እንሂድ አልኳት።