ቅሬው ፊቱን ያዞረብን ጊዜ

መካነ ሰላም ልጄ ዘንድ በከረምኩ ቁጥር፣ ማለዳ የቅሬው ጥሩንባ ሲነፋ ማን እንደሞተ ከመጠየቄ በፊት ብድግ ብዬ ደጅ እወጣለሁ። ለኛ ቤት ሳይነፋ የዘገየበትን ቀን አውቃለሁና።

በኛ አገር ቅሬ ማለት እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ሆኖ የሚቀባበርበት፣ የጋራውንም ሣር የሚጠብቅበት ማኅበር ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሣሩ ተከልሎ፣ ማጭድም ከብትም ሳይነካው ከርሞ፣ ጥቅምት ላይ ዳኛው አያ ሙሄ ሲፈቅዱ ሁሉም ባንድ ቀን ይገባበት ነበር። ያን ክረምት ግን የአባቴ አንዱ በሬ ታሞ መነሳት ቢያቅተው፣ አባቴ በዝናብ መሀል ገብቶ አንድ ሸክም አጭዶ ሲወጣ ታየ።

ቅሬው ተሰብስቦ፣ ድንጋይ በጫንቃህ ተሸክመህ በሰው ፊት ይቅርታ በል አለው። አባቴ ማጨዱን አልካደም፤ ወደ ዳኛው ዞረና፣ «አያ ሙሄ፣ የርስዎ በቅሎ ገብታ ስትግጥ ድንጋዩን ማን ተሸከመ?» አለ። ድንጋዩንም ሳያነሳ ጥሏቸው ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት የሚያስጭረን፣ ሰላም የሚለን፣ ብንሞትም የሚቀብረን እንዳይኖር ተቆረጠ።

መስከረም እንዲያው ብቻችንን እንዳለን ገባ። እናቴ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን እያነሱ ይሸሿት ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ብቻ፣ ፍም በገል አድርጋ ካቡ ላይ ታስቀምጥና፣ ወደኛ ሳታይ ዶሮዋን ትቆጣ ነበር፤ «አንቺ ዶሮ፣ ቶሎ ነይ እንጂ፣ በረደ እኮ።» እናቴ እየሳቀች ሄዳ እያለቀሰች ትመለስ ነበር።

በጥቅምት በሬው ዳነ፤ አያቴ ግን፣ የአባቴ እናት፣ ተኛች። ሞቱን አልፈራችውም፤ የፈራችው የሚሸከማት ማጣትን ነበር። አጠገቧ የምተኛው እኔ ነበርኩና፣ ደጅ አንድ ነገር ኮሽ ባለ ቁጥር ቀና ብላ፣ የቅሬ ሰዎች መጡ እንዴ ትለኝ ነበር፤ ነፋስ ነው ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንድ ማለዳ አባቴን ጠራችው።

«ተሰማ፣ ሀቁ ያንተ ነው። እኔን ግን ሀቅ አይቀብረኝም» አለችው።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ኅዳር ላይ፣ ጤፉ እየታጨደ ሳለ፣ ረፋድ ላይ አረፈች። እናቴ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አባቴ እጇን ያዛት፤ ተጮሆ የሚመጣ ከጠፋ ውርደቱ የሟቿ ነው ብሎ። ማዶ አጫጆቹ ሲዘፍኑ ይሰማን ነበር። አባቴ ቆሞ ቆሞ፣ የአያቴን የወፍጮ መጅ አነሳና ጫንቃው ላይ ጭኖ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት።

አያ ሙሄ ከደጃፋቸው ብቅ ብለው መጁን ሲያዩ፣ ሴት እንደሞተች፣ የአያቴን መታመም ሰምተው ነበርና የትኛዋም እንደሆነች ገባቸው። «ምነው ልጄ፣ ይኸን ያህል አስጠበቅኸኝ» አሉ። ድንጋዩን ከአባቴ ጫንቃ አውርደው፣ ስለ በቅሏቸው ብለው በራሳቸው ጫንቃ ጫኑት፤ ያን ያረጀ ገላቸውን ይዘው ቤታችን እስኪደርሱ አላወረዱትም። ከዚያ ጥሩንባው ተነፋ፤ አገሩ ማጭዱን ጥሎ መጣ፤ እትዬ ዘሀራም ካቡን ዘላ ገባች። አያቴ ይህን ሁሉ አላየችም። ማንም እንደማይመጣ እያሰበች ነው የሄደችው።

ዛሬ ቅሬው ገር ነው፤ ያጠፋ ይመከራል እንጂ ሰዉ ፊት አይነሳውም፤ እኔም ደስ ይለኛል፣ ልጅ እንደዚያ ፈርቶ ማደግ የለበትም። ብቻ ከአጅባር ወደ መካነ ሰላም፣ ካንዱ ልጄ ወደ ሌላው ስዞር፣ ጉንፋን እንኳ ቢይዘኝ ከመድኃኒቱ በፊት የምጠይቃቸው፣ ከጎረቤት ጋር ደህና ናችሁ ብዬ ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። ደህና ነን ሳይሉኝ ግን አልተኛም።