ጎረቤቴ የመሰከሩብኝ ቀን

በሠላሳ አራት ዓመቴ ለመጠመቅ ስመዘገብ ያሳሰበኝ ነገር አልነበረም። ሶዶ ተወልጄ፣ መዝሙር እየሰማሁ አድጌ፣ ለምን እስከዚያ እንደቆየሁ እኔም በቅጡ አላውቅም። የክርስትናን መሠረተ ትምህርት ግን እንደ ውኃ ጠጥቼዋለሁ ብዬ አምን ነበር። ስለ ጸጋ፣ ስለ ትንሣኤ፣ ስለ ሥላሴ የተሰበኩ ስብከቶችን ስልኬ ላይ ጭኜ፣ ቢሮ ስሄድም ስመለስም ባጃጅ ውስጥ እሰማለሁ። ሥራዬ ደግሞ የሰው ሀብት አስተዳደር ነው፤ ሰው መመዘን አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የሚመዝኑኝን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ንቄያቸው ነበር።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ተጠማቂው መጀመሪያ ትምህርቱን ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ ስለ ኑሮው ይመሰክራል። ጎረቤቱ የሌላ እምነት ሰው ቢሆንም ይጠራል። የእኔ ጎረቤት ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እናቴን የሚያክሉ፣ አጥር የምንጋራ ሴትዮ።

የተጠየቅሁትን ሁሉ አንበለበልኩት። ባልንጀራን ስለ መውደድ ስጠየቅማ፣ ያልተጠየቅሁትን ማብራሪያም ጨመርኩበት።

«መልሷ ጥሩ ነው» አሉ አንዱ ሽማግሌ፤ ወደ ጎረቤቴም ዞሩ።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ክፉ አይደለችም» አሉ። «ባለቤቴ ሲሞት ግን ድንኳን አልገባችም። ሦስት ቀን ሙሉ በደጄ ስታልፍ አየኋት።»

እውነት ነው። ያን ሳምንት የጥምቀት ትምህርቱ ማጠቃለያ ነበር፤ እንዳያመልጠኝ ብዬ ድንኳኑን በሩጫ ነበር የማልፈው። እኛ አገር የጎረቤት ለቅሶ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። ጥምቀቴ ለሚቀጥለው ዙር ተላለፈ።

ተናደድኩ። ያን ሁሉ እያወቅሁ በአንድ ለቅሶ ጣሉኝ እያልኩ፣ ሴትዮዋን ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነፈግኳቸው። አንድ ቅዳሜ ስብከት ከፍቼ ልብስ ሳጥብ፣ ከአጥሩ ወዲያ ብቻቸውን እንሰት ሲፍቁ አየኋቸው። ያ ሥራ ሴቶች ተሰብስበው፣ እየተጨዋወቱ የሚሠሩት ነው። ሰባኪው ስለ ፍቅር ይናገራል፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። አፈርኩ። ስልኩን ዘጋሁና ሄድኩ።

«እማማ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳቸው።

«ለምስክርነቱ ብለሽ ነው የመጣሽው?»

«እሱንም አስቤዋለሁ፤ ምን እዋሻለሁ። ዛሬ ግን አፍሬ ነው።»

አዩኝና ሌላ መፋቂያ አቀበሉኝ። ግማሹን ሳበላሽባቸው ሳቁብኝ። ከዚያ ስለ ባለቤታቸው ያወሩልኝ ጀመር፤ በመጨረሻ ሰሞን ሲታመሙ እንዴት በእጃቸው ያጎርሷቸው እንደነበር፣ ጠዋት አሁንም ቡና በሁለት ሲኒ እንደሚቀዱ። አለቀስኩ፤ እሳቸውም አለቀሱ። ዘግይቼ የደረስኩበት ለቅሶ ነበር፤ አልከለከሉኝም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ነበርኩ። ባልንጀራ ስለ መውደድ ከሰማሁት ስብከት ሁሉ ይልቅ የገባኝ ያኔ ነው፤ እንሰት መፋቁን ግን እስካሁን አልቻልኩበትም።

በሚቀጥለው ዙር የትምህርቱን ጥያቄ ስመልስ ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ። ተራው የጎረቤቴ ሆነ።

«ከእኔ ጋር አልቅሳለች» አሉ። «አጥምቋት።»

እሑድ ጠዋት ከውኃው ብቅ ስል፣ ዘማሪዎቹ ገና ሳይጀምሩ፣ ከሕዝቡ መሀል እልልታ ተሰማ። እሳቸው ነበሩ።