ዘንገናና ጥርባ የተባሉት ሁለት ወንበሮች

ወንድሜ ኪዳኑ እንጅባራ ላይ የመኪና አካል ይጠግናል። ላሜራ የሚቀጠቅጡ፣ ቀለም የሚረጩ ሌሎች አሉ፤ የእሱ ሥራ መገጣጠሚያውን ማሸግ ነው። ውሃ የሚያስገባ መኪና ሁሉ እሱ ደጅ ይቆማል። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ሥራ አያሳጣውም።

ሲጀምር ጫማ ጠጋኝ ነበር፤ ያኔ የሚያውቀው ማጣበቂያ ማስቲሽ ብቻ ነው። አሁን ግን አንዱ መጥቶ "ማስቲሽ ቀባ ቀባ አድርግልኝ" ካለው ፊቱ ይለዋወጣል። "ምኑ ላይ? ብረት ነው መስታወት? ይነቃነቃል? ነገ መልሰን እንከፍተዋለን ወይስ እንደተዘጋ ይቀራል?" ብሎ ያፋጥጠዋል። ባለ ባጃጆቹ "ኪዳኑ ጋ ከመጠገን ቪዛ መጠየቅ ይቀላል" እያሉ ይስቁበታል።

ይህ ሰው ዳንግላ ላይ ሶስና የምትባል ልጅ አጨ። ሰርጉ ለግንቦት ተቆረጠ፤ ሙሽራዋን የሚያመጣው መኪና ደግሞ የአጎታችን የአበረ ሚኒባስ ነው ተባለ። ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። ያ ሚኒባስ ሁለት ቦታ ያፈሳል፦ አንዱ ከሾፌሩ ኋላ፣ ሌላው በመጨረሻው መስኮት ሥር። ተሳፋሪው የፊተኛውን ወንበር ዘንገና፣ የኋለኛውን ጥርባ ብሎ በሐይቆቻችን ስም ሰይሞታል። ረዳቱ "ዘንገና ላይ አንድ ሰው!" ብሎ ሲጣራ "ዋና አልችልም" የሚለው አይጠፋም።

ሶስናን ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ወርቅአየሁ በዚያ መኪና አንድ ጊዜ ሄደው ነጠላቸውን ጨምቀው ወርደዋል። ስለዚህ ቁርጡን ተናገሩ፦ "እኔ ልጄን በሐይቅ አልድርም! ሌላ መኪና ይፈለግ።"

ኪዳኑን ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። "የሰውን ሁሉ መኪና ሳደርቅ ኖሬ የራሴን ሙሽራ በተለመነ መኪና ላምጣት? ነገ ማን ሥራ ይሰጠኛል?" አለኝ።

ሚኒባሱን ወደ ጋራዡ አስገባ። እኔም ልጄን አዝዬ ምሳ ሳመላልስ ሁሉን አየሁ። አጎቴ አበረ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይጨምርበት ኖሯል፦ ከሥር ካትራሜ፣ በላዩ ሲሊኮን፣ በዚያ ላይ ማስቲሽ።

"አጎቴ፣ ይኼ ጣሪያ እኮ ድርብ ጋቢ ነው የለበሰው" አለ ኪዳኑ።

"ብርዱን አስቤለት ነዋ!"

ኪዳኑ ሁሉንም ሊያነሳው ተነሳ። አዲሱ ማሸጊያ አሮጌ ሲሊኮን ላይ አይዝም። በቢላዋ ቢፍቀው ቀለሙ ይጫራል፤ የተጫረ ቦታ ደግሞ ይዝጋል። ስለዚህ ቀርቀሃ ሰንጥቆ ጫፉን አሳሳው። በሙቅ ውሃ የራሰ ጨርቅ እየደረበ ያለሰልሳል፣ በቀርቀሃው ይገፈትራል፤ ሲሊኮኑ እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወድቃል። ካትራሜውን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ አስለቀቀው።

አጎቴ ትዕግሥቱ አለቀ። "ቲነር ድፋበትና ገላግለን!"

"ቲነሩ ቀለሙንም ይዞት ይወርዳል። ሙሽራዬን በራቁት መኪና ላምጣት?"

አልቋል ብዬ ሳስብ "እስኪ ጣትሽን አሳልፊበት" አለኝ። ሙልጭ አለ። "ያንሸራተተሽ ናፍጣው ነው። ቅባት ካለ የምቀባው ሁሉ ይላጣል።" በሳሙና አጠበው፣ አደረቀው፣ በአልኮል ወለወለው። ያኔ ጣቴን ያዝ አደረገው።

አጎቴ ሊረዳ ብሎ ከሱቅ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ይዞ መጣ። ኪዳኑ ከፈተና አፍንጫው ሥር አደረገለት።

"ኧረ ኮምጣጤ ነው!"

"እንዲህ የሚሸተው መስታወት ከመስታወት ጋር ይያያዝበት። ላሜራ ላይ ከዋለ ከሥር ያዝገዋል።"

ለጣሪያው መገጣጠሚያ የመረጠው ደርቆም እንደ ጎማ የሚለጠጠውን የመኪና ማሸጊያ ነው፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ጣሪያውም ስለሚነቃነቅ። ለኋላው መስኮት ግን እንደ ሊጥ ለስልሶ የሚቀረውን፣ የማይደርቀውን ማሸጊያ በመስታወቱ ዙሪያ ካለው ጎማ ሥር ጠቀጠቀ። መስታወት አንድ ቀን ይሰበራል፤ የሚያወጣው ሰው እንዳይራገም። ከዚያ የጣሪያው እስኪደርቅ ሸራ አልብሶ ማንንም ሳያስነካ አቆየው።

እትዬ ወርቅአየሁ ሊያዩ መጡ። ኪዳኑ ጣሪያው ላይ ባልዲ ሙሉ ውሃ ቢደፋም አንድ ጠብታ አልገባም። እሳቸው ግን አልተሸነፉም።

"የባልዲ ውሃና የግንቦት ዝናብ አንድ ነው እንዴ? በሰርጉ ቀን እኔ ራሴ ጥርባ ላይ እቀመጣለሁ። አንዲት ጠብታ ካረፈችብኝ መሀል መንገድ አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ አስቁሜ ልጄን ይዤ እወርዳለሁ!"

"ይውረዱ፣ እትዬ" አለ ኪዳኑ።

የሰርጉ ቀን ከዳንግላ ስንነሳ ሰማዩ ጠቁሯል። እትዬ ወርቅአየሁ እንዳሉት ጥርባ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ልጄን ታቅፌ ዘንገና ላይ። ብዙም ሳንሄድ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበው ጀመር። ጭብጨባው ቆመ፣ ዘፈኑም ቆመ፣ የሁሉም አንገት ወደ ላይ ተቃና። ኪዳኑ በሙሉ ልብሱ አንጋጦ ቀረ።

"የምታገባው እኔን ነው ጣሪያውን?" አለችው ሶስና።

መኪናው በሳቅ ተናጋ። የእኔ ልጅም የገባት ይመስል አብራ ሳቀች። አዲስ ቅዳምን አለፍን፤ ከኋላ "አቁም" የሚል አልተሰማም። ዞር ብንል እትዬ ወርቅአየሁ ራሳቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ያንኮራፋሉ።

"ዝም በሉ፣ እንዳትቀሰቅሷቸው!" አለ አጎቴ አበረ ከመሪው ላይ። በሹክሹክታ እየዘፈንን እንጅባራ ገባን። ሙሽራ ታጅቦ እንዲህ በጸጥታ ሲገባ አይቼ አላውቅም።

ደጃፍ ላይ እልልታው ሲቀልጥ ነው የነቁት። መጀመሪያ ትከሻቸውን ዳበሱ፣ ቀጥሎ ነጠላቸውን፣ ከዚያ የመስኮቱን ጎማ ዙሪያውን በጣታቸው ሄዱበት። ኪዳኑ በሩ ላይ ጣታቸውን እያየ ቆሟል።

"ምን ትገተራለህ?" አሉት ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "ሚስትህን አውርዳት እንጂ!"