ከሞተሩ ላይ የነቀልኳቸው ሁለት ቆርቆሮዎች

አባቴ መኪና የሚነዱት በጆሯቸው ነበር። ተሳፋሪ ወሬ ሲያበዛ "እስቲ አንዴ ዝም በሉልኝ፣ እሷ ምን እንደምትል ልስማ" ይላሉ። "እሷ" የሚሏት ከጣሊያን ጊዜ የቀረች ድብልብል መኪና ናት። የራሷ ሞተር ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። አባቴ ከተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ ትልቅ ሞተር አግኝተው አስገጠሙባት፤ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ሰው እያመላለሱ እኛን ያሳደጉን በእሷ ነው።

ችግሩ ትልቁ ሞተር ለትንሽ ሞተር በተሠራ ቤት ውስጥ መግባቱ ነበር። ኮፈኑ ሲዘጋ መተንፈሻ የለውም። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ግድ የለም። ሲመለሱ ግን የሐረጎ ዳገት አለ። ከታች ይዛው በመጣችው ሙቀት ላይ ዳገቱ ሲጨመር ጭስ ማውጫው ይግላል፤ አጠገቡ የሚያልፈው የቤንዚን ቱቦም አብሮ ይሞቃል። ቤንዚኑ ካርቡራተር ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ይፈላና ሞተሩ ድርግም ይላል። ይህን ለአባቴ ማንም አላስተማራቸውም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ከድርቁ በኋላ በየቤቱ ከተረፈው የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ፣ ሁለት እጆች የተጨባበጡበት ሥዕል ካለው፣ ሁለት ቁራጭ ቆረጡ። አንዱን በጭስ ማውጫውና በቤንዚን ቱቦው መካከል እንደ መጋረጃ አቆሙት። በሌላው ደግሞ የራዲያተሩን ዳርና ዳር ደፈኑበት፤ ነፋሱ በጎን እንዳያመልጥና በራዲያተሩ መሐል እንዲያልፍ ነው። በመዶሻ ተቀጥቅጦ፣ በሽቦ ተጠፍሮ፣ ሲያዩት ያስጠላል። መኪናዋ ግን ዳገቱን ትወጣ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት የመካኒክነት ትምህርት ተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ዲፕሎማዬን እናቴ በመስተዋት አስገብታ ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሰቅላዋለች። ሰኞ ገበያ በዚያ ሁሉ ግፊያ መሐል ሳልፍ እንኳ ሰው መንገድ እንዲለቅልኝ እጠብቅ ነበር። እንዲያ ነበርኩ። አባቴ ለለቅሶ ኩታበር ሄደው ሳምንት ሲቆዩ መኪናዋን ላድሳት ተነሳሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ለመኪናዋ አዝኜ አልነበረም። ጓደኞቼ ኮፈኑን ከፍተው ቆርቆሮዎቹን ሲያዩ ስቀውብኝ ነው። አንዱ "የአባትህም መኪና እርዳታ መቀበል ጀመረች እንዴ?" አለኝ።

ቆርቆሮዎቹን ነቅዬ ጓሮ ወረወርኳቸው። ሞተሩን በናፍጣ አጠብኩት፤ የኮፈኑን ውስጥ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ቆርቆሮዎቹ ተነስተው ቦታው ሰፋ ካለ ሙቀቱ በራሱ ይወጣል ብዬ ነው። እንዲህ ተብዬ የተማርኩ ይመስለኝ ነበር፤ አልተማርኩም።

አባቴ ሲመለሱ ኮፈኑን ከፍተው ብዙ ቆዩ። "ቆርቆሮዎቹስ?" አሉኝ።

"አያስፈልጉም አባባ፤ የድሮ አሠራር ነው። እርስዎ አያስቡ።"

"ካልክ እሺ። የተማርከው አንተ ነህ" አሉ። ሽሙጥ አልነበረበትም። አምነውኝ ነው።

በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሐረጎ ላይ ቆሙ። አንድ ቀን በረድ ብላ እስክትነሳ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ሌላ ቀን አንዲት አራስ ሴት ልጇን ታቅፋ በእግሯ ወጣች። ዓርብ ዕለት ደግሞ አንድ የተከበሩ ሐጂ ጁምዓ አመለጣቸው። ከዚያ በኋላ ወሬው ተነዛ። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ከብዷል፣ ማርሽ በሰዓቱ ሳይቀይሩ ሞተሩን ያፍኑታል ተባለ። ሠላሳ ዓመት አንድ ሰው ሳይገጩ የነዱትን ሰውዬ እኔ በሰባት ቀን አስረጀኋቸው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መኪናዋን ልሞክራት ብቻዬን ኮምቦልቻ ወርጄ ተመለስኩ። ሐረጎ ላይ፣ አባቴ የቆሙበት ኩርባ ሳልደርስ ጠፋችብኝ። ኮፈኑን ከፍቼ የቤንዚኑን ቱቦ ብነካው ጣቴን ለበለበኝ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። የአባቴ ቆርቆሮ ምን ይሠራ እንደነበር፣ የኔ ጥቁር ቀለም ምንም እንደማይሠራ ገባኝ። እርጥብ ጨርቅ ቱቦው ላይ ጠቅልዬ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስክትበርድ ጠበቅኩ። ቤት እንደደረስኩ ቆርቆሮዎቹን ከጓሮ አንስቼ እመልሳለሁ፣ ለአባቴም እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ይህን የምጽፈው ቢያንስ እስከዚያ ድረስ ሰው እንደነበርኩ ለማሳየት ይሆናል።

ቤት ስገባ አጎቴና ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች ዓስር ሰግደው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ነው።

"አያ፣ አትቀየሙን" ይላቸዋል። "ሰው ሐሜት ከሚያደርገው እኛ ፊት ለፊት እንንገርዎት ብለን ነው። አላህ በሰላም አስነድቶዎታል፤ አልሃምዱሊላህ ብሎ ማረፍ አይሻልም?"

"ነገሩ የጀመረው ቆርቆሮዎቹ ከተነሱ ወዲህ ነው" አሉ አባቴ።

አጎቴ ሳቅ አለ። "የዘይት ቆርቆሮ ነው እንዴ መኪና የሚያስኬድ? ኧረ ወላሂ ሰው እንዳይሰማዎት! ይኸው የተማረው መጣ፤ እሱን እንጠይቀው። ልጄ፣ ዲንህን ይዘህ ተናገር። መኪናዋ ናት ወይስ እሳቸው?"

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ፈካ አለ፤ ምስክራቸው የደረሰላቸው መስሏቸው ነው። የተለበለበው ጣቴ ገና ያቃጥለኛል። ከራሴ በላይ ዲፕሎማው ተሰቅሏል። ለእነዚህ ሽማግሌዎች "ሁለት ዓመት ተምሬ አንድ የዘይት ቆርቆሮ በለጠኝ" ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አልወጣ አለኝ።

"መኪናዋ ምንም የላትም" አልኩ።

ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው እኔ ነኝ" አሉ። "እሱ አይዋሽም። እርጅና ነው፤ ሰው ሳልጎዳ አልሃምዱሊላህ።" ቁልፉን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ምንጣፉ ላይ፣ እኔ ፊት አስቀመጡት። እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና ታይ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተመልሳ ገባች።

በማግስቱ አባቴ ሱብሂ ሊሰግዱ መስጊድ እንደሄዱ ቆርቆሮዎቹን ጓሮ ውስጥ ፈልጌ አገኘኋቸው። በዚያው ሽቦ፣ በዚያው ቀዳዳ መልሼ አሰርኳቸው። እንደ ሌባ ነበር የምቸኩለው።

ሰኞ ኮምቦልቻ አብረን ወረድን። ስንመለስ እኒያ ጁምዓ ያመለጣቸው ሐጂ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ከኋላ ተሳፈሩ። አባቴ ከጎኔ ተቀመጡ። ዳገቱን ስንጀምር መንገዱን ትተው እጄንና እግሬን ማየት ያዙ። መጀመሪያ ምን እንደሚያዩ አልገባኝም። ኋላ "አሃ፣ እዚህ ላይ ሁለተኛ ነው የምታስገባው?" አሉኝ በዝግታ። "እኔም ሁለተኛ ነበር የማስገባው መሰለኝ። ምናልባት ዘግይቼ ይሆናል።" የት ላይ እንዳጠፉ ከእኔ ሊማሩ ነበር። አንድም ጊዜ ሳንቆም ሐረጎን ወጣን።

ደሴ ስንደርስ ሐጂው ወርደው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። "ማሻአላህ! የተባረከ ልጅ። ምን አድርገህ ነው ያዳንካት?"

አባቴ በልማዳቸው ውኃ ሊያዩ ኮፈኑን ከፍተው ነበር። ቆርቆሮዎቹን አይተው እንዳጎነበሱ ቀሩ። ቀስ ብለው ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ጥያቄውን የተጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እንድመልስ ጠበቁኝ። ሰዎቹም ቆመዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ዕድል ሰጡኝ ማለት ነው፤ ያውም ሁሉን ካወቁ በኋላ።

"አንዳንድ ነገር አስተካከልኩላት" አልኩ።

አባቴ ኮፈኑን ዝቅ አድርገው እስኪገጥም በመዳፋቸው ተጫኑት። "አዎ፣ እሱ ነው" አሉ ለሐጂው። "በእጁ በረካ አለ።"

ቁልፉን መልስልኝ ብለው አያውቁም። እኔም አልመለስኩላቸውም። ሰው ስለ መኪናዋ ሲጠይቃቸው "የልጄ ናት፣ እሱን ጠይቁት" ይላሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ከጎኔ አልተቀመጡም፤ ባዶዋን እንኳ ስንሄድ የኋላውን በር ከፍተው ይገባሉ። ሲወርዱ ተሳፋሪ ለሾፌር እንደሚለው "አላህ ይስጥህ" ይሉኛል። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ አሉኝ፤ እኔም መሪውን እንደያዝኩ "አሚን" እላቸው ነበር።