ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ቀሚስ

ቀሚሱን ፖላሪስ ከሚባለው የገበያ ማዕከል የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጌ። የልጅ ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። በቀበሮ ጀርባ ስለምትበር ልጅ የሚያወራ ፊልም ይዟት አልለቃት ብሎ ነበር፤ ቀሚሱም የዚያችው ልጅ ነው፣ ከኋላው ጅራት አለው። ስትለብሰው ድንኳን ውስጥ የገባች መሰለች። "ምናለ፣ ታድጊበታለሽ" አልኳት።

ፍሎሪዳ ውስጥ፣ አንድ የልጆች መዝናኛ ላይ፣ ፊልሙን ሰፈር አድርገው ሠርተውታል፤ ቤቱ፣ ዛፉ፣ ቀበሮዋ ሳትቀር። ልንሄድ ስንል ኮሮና መጣና ሁሉም ተዘጋ። አባቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ዌርሃውስ፣ ሰው የሚበዛበት መጋዘን ውስጥ፣ ስለሚሠራ በሽታ ይዤባት እገባለሁ ብሎ ፈርቶ ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር፣ ለብቻው መኖር ጀመረ። በየቀኑ ከበሩ ወዲያ ሆኖ "ይሄ ነገር ሲያልፍ እወስድሻለሁ" ይላታል። እሷ ከወዲህ ቁጭ ብላ "ፕሮሚስ?" እያለች ቃል ታስገባዋለች።

ሁለት ዓመት ሆነና የተዘጋው ተከፈተ። ልጄ ከሥራ ኦፍ ወሰደ፣ ቲኬቱን ቆረጠ። በዚያው ሳምንት ልጅቷ የቀበሮዋን አሻንጉሊት ለጎረቤት ሕፃን ሰጥታ መጣች።

"ምነው?" አልኳት።

"ኢት ኢዝ ፎር ቤቢስ።"

የሕፃናት ነው ማለቷ ነው፤ ያን ያህል እንግሊዝኛ እኔም አላጣ። ለአባቷ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? ፍቅሩን ላሟሙቀው ብዬ ፊልሙን በየቀኑ ከፈትኩላት።

"አያቴ፣ አንቺ ነሽ የምትወጂው" አለችኝ። ውሸት አይደለም፤ እንግሊዝኛው ባይገባኝም ቀበሮዋን ለምጃታለሁ።

ሄድን። ሰፈሩ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ልጆቹ ሁሉ እንደኛዋ ፊልሙን ሲተዉት ይሄን ሁሉ ግንብ ምን ሊያደርጉት ነው? የኛዋን ሳላነሳ ልጄን ጠየቅኩት።

"እማዬ፣ የፊልሙን አዲስ ክፍል እየሠሩ ያስታውሷቸዋል እኮ። አያረጅም።"

ቀሚሱ ልኳ ሆኗል። አባቷ ፎቶ ሊያነሳት ስልኩን ከፍ ሲያደርግ ትስቃለች፤ ስልኩ ሲወርድ ፊቷም አብሮ ይወርዳል። አንዴ ቢያያትስ እያልኩ ነው የዋልኩት። ሰልፍ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ለዳዲ አትንገሪው" አለችኝ። አማርኛ የምታበዛው ሲጨንቃት ነው።

"ምኑን?" አልኳት፣ ላበሽቃት ብዬ።

"ታውቂያለሽ።"

"አላውቅም። ግን ቀስ በይ፣ ጅራትሽን ረገጥሽው።"

ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ይሄኛው የእውነቷ ነው። ልጄ ዞር ሲል ያንን ሳቅ አየና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አየሽ እማዬ? አሁንም ትወደዋለች። ለከርሞ እንደገና እንመጣለን።"

ልጅቷ እጄን ጭብጥ አደረገችው።

"እኔ እንኳ ጉልበቴን አሞኛል፤ ለዛሬም ይብቃን" አልኩት።

"ዳዲ፣ በጣም ነው ያመማት" አለች ቶሎ ብላ።

እሱ ደንግጦ ሮጠና የሚገፋ ወንበር ይዞ መጣ። እስከ ማታ እየገፋ አዞረን። ያላየነው ነገር አልቀረም።