ለቅሶ የሌለበት ፊልም

ከእንጅባራ ለቆ የሚሄድ አንድ አስተማሪ ቴሌቪዥኑን ሲሸጥልኝ አንድ ካርቶን ዲቪዲ መረቀልኝ። ዲቪዲ የሚከራይ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን ፊልም የሚጫነው ሜሞሪ ላይ ነው፣ ሱቄም የሚኖረው በቻርጀርና በባትሪ ድንጋይ ነው። ቴሌቪዥን ከተከፈተ ግን በገበያ ቀን ዝናብ የሸሸ ሁሉ ይገባል። የገባ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን መውጣት ያፍራል።

ከካርቶኑ አንዱ የእንግሊዞች ፊልም ነበር። ሽፋኑ ላይ ቤተሰብ ገበታ ከቦ ተቀምጧል፤ አንድም የሚስቅ የለም። ጠመንጃ የለ፣ መኪና አይገለበጥ። ማን ያየዋል ብዬ መደርደሪያ ጥግ ወተፍኩት። አንድ የሰኔ ገበያ ቀን ሌሎቹ ዲቪዲዎች ስታክ እያደረጉ ሲያስቸግሩኝ እሱን ከፈትኩት።

የዚያን ቀን አባቴ ከገጠር መጥተው ነበር። ፈረሳቸውን በር ላይ አስረው፣ ጋቢያቸውን አራግፈው፣ እንደ ልማዳቸው ከባንኮኒው ኋላ ተቀመጡ። የሚያወሩኝ በአገውኛ ነው። አማርኛ ይችላሉ፤ የሚያወጡት ግን ለገበያና ለዳኛ ብቻ ነው።

«ወንድምህ ደወለ?»

«ኔትወርክ የለም አባባ።»

«ኔትወርክ ሲኖርም የለም።»

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። በመሬት ድርሻ ከእሳቸው ጋር ተኳርፎ ከሄደ ወዲህ ለእኔ ይደውላል እንጂ እሳቸውን አያነጋግርም።

ፊልሙን ዝናብ ሸሽተው ለገቡት ገበሬዎች የማስረዳው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ከቻርጀር ካርቶን ላይ የተለቀመ ነው፤ የጎደለውን ከተዋንያኑ ፊት እያየሁ እሞላለሁ። አንድ ሽማግሌ አለ። ልጆቹ ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጣላሉ። አንደኛው ከአባቱ ጋር አይነጋገርም። ቀጥሎ ጥቂት ሰዎች ጥቁር ለብሰው፣ ጥላ ዘርግተው ጉድጓድ ዳር ቆሙ። ከዚያ ቤት ገብተው ሻይ ጠጡ።

«ሽማግሌው የት ሄደ?» አሉ አባቴ።

«ሞተ እኮ! አሁን ቀበሩት።»

«ማን አለቀሰ?»

«እነሱ ጮኸው አያለቅሱም።»

«ታዲያ መሞቱን በምን አወቁ?» አለ አንድ ገበሬ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አባቴ አልሳቁም። እኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ በሟቹ ልብስና በጌጥ ተሸልሞ፣ ባዶ ኮርቻ ተሸክሞ ለቅሶ ላይ ይወጣል፤ እሱን ያየ ሰው እንባውን አይይዝም። አባቴ የፈረሳቸውን ጌጥ ለዚያ ቀን ብለው ሳጥን ውስጥ ካስቀመጡት ቆይተዋል።

«ያ ያኮረፈው ልጅ መጣ?»

«ከኋላ ቆሟል፤ ያ ኮት የለበሰው።»

«መጥቶም ዝም!» አሉና ተነሡ። ፈረሱን እየፈቱ ጠሩኝ። «ለወንድምህ ንገረው። አባባ ታመዋል አትበለው፣ ውሸታችሁን ነው ይላል። ቆሜ ሳለሁ ይምጣ በለው። የመሬቱን ነገር አላነሳበትም።»

ይህን ቃል ከአባቴ አፍ የምሰማ አይመስለኝም ነበር። ኔትወርክ ሲመጣ እንዳለ አደረስኩለት። ወንድሜ «መንገዱ ይከፈት እንጂ፤ ለመስቀል እመጣለሁ» አለ። በግጭቱ የተነሳ መንገዱ እውነትም ዝግ ነበር። ነጋዴ ነኝ፣ ብዙ ሰበብ ተከራክሬ ረትቻለሁ። እውነት የሆነ ሰበብ ሲገጥመኝ ግን «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አባቴ መስቀልን አልጠበቁም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። መንገድ ዝግ፣ ስልክ ዝግ፤ ሰው መሰብሰብ ፈርቷል። «ቶሎ እንቅበር» ተባለ። ከሌላው ደብር ማንም ሊደርስ አልቻለም። ጥቂት ጎረቤቶች ላስቲክ ተከናንበን ጉድጓዱ ዳር ቆምን። አክስቴ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ስትጀምር አንዱ «ቀስ እያልሽ፣ እቴ» አላት፤ ቀስ አለች። ፈረሱን እኔው ሸልሜው ነበር። ጌጡ በዝናብ ረጥቦ ጎኑ ላይ ተለጠፈ፣ የሚያየውም አልነበረም። ዘወር ብዬ ከኋላችን አየሁ። ኮት የለበሰ ሰው የለም።

ከዚያ ቤት ገብተን ተቀመጥን።

ወንድሜ መንገዱ ሲከፈት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ መጣ። ሱቅ ገብቶ ከባንኮኒው ኋላ፣ አባቴ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እዚያ አትቀመጥ ማለት ፈልጌ ተውኩት።

«ለቅሶው እንዴት ነበር?»

«ዝናብ ነበር።»

«ሰው ወጣ?»

«የቻለ ወጣ።»

«ስለ እኔ የተናገሩት አለ?»

«በስልክ ከነገርኩህ ሌላ የለም።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደና ከጥጉ ያንን ዲቪዲ መዘዘ። ገበታ የከበበውን ቤተሰብ አገላብጦ አየ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? እስቲ ክፈተው፣ ትንሽ ያስረሳን።»

በዚህ ሱቅ የተጫጨረውን ደህና ነው እያልኩ ስሸጥ ኖሬአለሁ።

«ተጫጭሯል፣ አይሠራም» አልኩት።

ወደ ቦታው መለሰው።