ቅዳሜ ብቻ የምትሠራው ማሽን

ደባርቅ ጋራዥ በገባሁበት በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ጓድ ታደሰ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ሸራ ገለጡና አንዲት ትንሽ ቀይ የብየዳ ማሽን አሳዩኝ። «ይህችን ታውቃታለህ?» አሉ። አላውቃትም ብል ባገኙት መኪና ወደ ጎንደር የሚመልሱኝ መሰለኝ። «አውቃታለሁ፣ ጓድ» አልሁ።

ማሽኗ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ለትርፍ ጊዜው መጫወቻ ያመጣት ነበረች፤ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ለጋራዡ ትቷት ሄደ። እኔ የለመድሁት በኤሌክትሮድ የሚበይደውን ከባዱን ነው። ይህችኛዋ ሽቦውን ከጥቅሉ ራሷ እየሳበች ሽጉጥ በምንለው መያዣዋ አፍ ታወጣለች። ከቦምቦላው የሚመጣው ጋዝ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይጋርዳል። ማሳ የምንለው ገመድ ደግሞ በመቆንጠጫው ብረቱን ወይም ጠረጴዛውን ይይዛል፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በእሱ ነው። በሳምንት ውስጥ ተግባባን። የወፍጮ ቋትና የውሃ በርሜል እሠራባት ጀመር።

በግቢው ጥግ አያ ባይህ ወናፋቸውን ተክለው ማረሻና መጥረቢያ ይቀጠቅጡ ነበር። ቤተ እስራኤል ናቸው። ያኔ የምንጠራቸው በሌላ ስም ነበር፤ እዚህ አልደግመውም። አዋጁ ሁሉም እኩል ነው ስለሚል ቀበሌው መደባቸው። እሳቸው በሕጋቸው ከእኛ ጋር አይበሉም፤ እኛ ደግሞ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው እያልን፣ ወደ እኛ ባዩ ቁጥር ምሳችንን እንሸፍናለን። ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል። እኔ ግን «አንተ» ነበር የምላቸው። ዛሬ «እሳቸው» ብዬ ብጽፍ ምን ዋጋ አለው።

ስለ ብረት ቁም ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ከላይ ያማረ ብየዳ አያታልልህ» አሉኝ አንድ ቀን። «በመዶሻ ምታው። ብረቱ ተቀብሎት እንደሆነ ድምፁ ይነግርሃል።»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቋት ስበይድ ከኋላዬ ቆመው ቆዩና «እሰይ! እንደ ማር ይፈስልሃል እኮ!» አሉ። የሞተር ሠራተኛው ተካ ይህን ሰምቷል።

በዚያው ሰሞን ለአብዮት በዓል ጋራዡ በሙሉ ይቀባ ተባለ። በሩ ተቀባ፣ በርሜሉ ተቀባ። የብየዳ ጠረጴዛዬ ሳይቀር ተፈታትቶ አረንጓዴ ተቀባና ተመልሶ ተገጠመ። ከበዓሉ በኋላ ሥራ ስንጀምር ማሽኗ እምቢ አለች። ሽቦው ይንተፋተፋል፤ ፍንጣሪው እጄን ይለበልበኛል፤ ብየዳው ሳይገባ ከላይ እንደ ንፍሮ ተጠራቅሞ ይቀራል። በመዶሻ ስነካው ይረግፋል።

ያልሞከርሁት የለም። የሽጉጡን የመዳብ አፍ ለወጥሁ። ሽቦውን የሚስበውን መንኮራኩር አጠበቅሁ፣ መልሼ አላላሁ። ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦ በአየር አስነፋሁ። የደባርቅ ነፋስ ጋዙን እየወሰደብኝ ይሆናል ብዬ በሩን ዘጋሁ። ቦምቦላ አስለወጥሁ። ማሳው የሚቆነጥጠውን የጠረጴዛ እግር ቀለሙን ፋቅሁና በዚህ በኩል ጨርሻለሁ ብዬ ተውሁት።

«ምን ትለፋለህ?» አለኝ ተካ። «ባይህ በልቷታል።»

«ማሽን ደግሞ ይበላል?» ብዬ ሳቅሁበት።

«አድንቆልህ የለም እንዴ? እስቲ ቅዳሜ ሞክራት፤ እሱ አይመጣም።»

ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ አያ ባይህ አይመጡም፤ እኛ ግማሽ ቀን እንሠራለን። ማሽኗን ነፋስ ወደማይነካው ወደ እሳቸው ጥግ ገፋኋት። ብረት የሚቀጠቅጡበት፣ በቅጥቀጣ ብዛት የነጣ ትልቅ መስፍ ነበራቸው። ማሳውን እሱ ላይ ቆነጠጥሁ፤ የምበይደውንም እዚያው አስቀመጥሁ። እንደ ማር ፈሰሰ። ሰኞ ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ ረገፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈሰሰ፣ ሰኞ ረገፈ። በሦስተኛው ቅዳሜ መሳቄን ተውሁ።

ቋቶቹ በጊዜው ስላልደረሱ ጓድ ታደሰ ሰበሰቡን። በየውይይት ክበቡ ጎጂ ባህል ይወገድ የሚሉ ሰው ናቸው። «ተካ የሚያወራውን ተረት እኔ አላምንም» አሉ። «አንተ ግን ባለሙያ ነህ። ባይህ ሲኖርና ሳይኖር ልዩነት አለው?»

አያ ባይህ በሩ አጠገብ ቆመው ያዩኛል።

«ቅዳሜ ትሠራለች» አልሁ። ውሸት አልነበረም። ሌላ ቃል ግን አልጨመርሁም።

በማግስቱ የስንብት ደብዳቤ ተጻፈላቸው፤ ምክንያቱ «የሥራ መቀነስ» ይላል። ወናፋቸውን ጠቅልለው ሲወጡ ጠረጴዛዬ ዘንድ ቆሙ።

«ሥራህ አምሮኝ ነው ያልሁት፣ ልጄ» አሉ። «ሌላ ነገር የለኝም።»

ይህን ሲሉ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት፤ ዓይናቸው ማሽኗ ላይ እንዳያርፍ እየተጠነቀቁ። መዶሻዬን አንሥቼ ሥራ የያዝሁ መሰልሁ።

ሰኞ ማሽኗ እንደ ልማዷ ተንተፋተፈች። ተካ «ገና አልለቀቃትም» አለ። ማክሰኞም ያው። ረቡዕ ከጠረጴዛዬ የሚበልጥ ረጅም ላሜራ መጣ። መሬት ላይ ዘርግቼ ማሳውን እዚያው ላሜራው ላይ ቆነጠጥሁ። ማሽኗ ሠራች፤ ያውም ከቅዳሜው አብልጣ።

ላሜራውን ትቼ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድሁ። የጠረጴዛውን ብሎኖች ፈታሁ። ላዩ ከእግሩ በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ቀለም ተጋግሯል። ማሳው እግሩን ቢይዝም፣ ቀለሙ ስለከለለው ኤሌክትሪኩ ከላዩ ወደ እግሩ እንደ ልብ አያልፍም ነበር። በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ሮጬ ለጓድ ታደሰ ነገርኋቸው። ብሩሹን አዩ፣ እኔን አዩ። «ደብዳቤው ለአውራጃ ሄዷል» አሉ። «ማሽኗ ከሠራች ሥራህን ሥራ።» ፈቃድ ለመጠየቅ ፈራሁና እሑድን ጠበቅሁ።

እሑድ በዳባት መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ተጉዤ ወደ መንደራቸው ወረድሁ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ለምኜም ቢሆን ሰኞ ይዣቸው ልመጣ ነበር ሐሳቤ። የሰባት ስምንት ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰው የለም። ከአጥር ማዶ ጎመን የሚቆርጡ አንዲት አሮጊት «ማንን ነው የምትሻ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አያ ባይህን» አልሁ። አያ ብዬ ስጠራቸው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

«ኧረ እነሱስ ሐሙስ ሄዱ። በሱዳን አድርገው ኢየሩሳሌም ነው አሉ። ወንድሞቹ ዓምና ሲሄዱ እሱ እምቢ ብሎ ቀርቶ ነበር እኮ። የመንግሥት ሥራ አለኝ፣ እዚሁ ሰው ሆኛለሁ እያለ።» ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ምን እንዳስከፋው እንጃ።»

ሐሙስ። እኔ ጠረጴዛውን የፈታሁት ረቡዕ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የወንድማቸው ልጅ የአያቶቹን መቃብር ሊያይ መጣ። ስለ አያ ባይህ ጠየቅሁት። ሱዳን መጠለያ በገቡ በሁለተኛው ወር ሞቱ አለኝ።

«የት ታውቃቸዋለህ?» አለኝ።

«አብረን ሠርተናል» አልሁት። ከዚያ በላይ ለመናገር ድፍረት አጣሁ። አሁን የምጽፈውም ስላልነገርሁት ነው።

ለእናንተ ለበያጆች የምለው ይህን ነው። ማሽን ሲያስቸግራችሁ ማሳውን የሚበየደው ብረት ላይ ራሱ ቆንጥጡ። አንድ ቀን ሠርታ ሌላ ቀን እምቢ ካለቻችሁ በሁለቱ ቀናት መካከል የተለወጠውን ሁሉ ቁጠሩ፤ ቦታውን፣ ጠረጴዛውን፣ ነፋሱን። እኔ የቆጠርሁት ሰውየውን ብቻ ነው።